እህቴን ከእኔ አስበልጠው ለወደዱት ዋና ሸሪክ

ለተከበሩ የታላቁ የሕግ ቢሮ ዋና ሸሪክ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወገብዎ እንዴት ከርሟል? የደም ግፊትዎስ? እዚያ በነበርኩበት ዘመን የእርስዎ ግፊት ከፍ ሲል የመላው ቢሮ ግፊት አብሮ ከፍ ይል ስለነበር፣ ስለ ጤናዎ መጠየቅ የራሴን ጤና የመጠየቅ ያህል ልማድ ሆኖብኝ ቀርቷል። እኔ ደህና ነኝ። ከእርስዎ ዘንድ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ የበላሁትም ይስማማኛል፤ ለዚህ እርስዎን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ያደረግሁት ላሳጣዎት አስቤ አይደለም። ለብቻዎ የቀረበልዎትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ አልፈው የማንበብ ልማድ እንደሌለዎት በሥራ ዘመኔ ስለተረዳሁ፣ ሌሎች አንብበው ፍሬ ነገሩን ያወሩልዎ ዘንድ ብቻ ነው።

ማን እንደሆንኩ ግራ ገብቶዎት ከሆነ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለችውን መስኮት አልባ ክፍል ያስቡ። እዚያች ውስጥ ወጣትነቷን የጨረሰች ጠበቃ ነበረች፤ እሷ ነኝ። አሁንም ካልመጣሁልዎት፣ የዕንቁዎ ታላቅ እህት ነኝ። ይኸው አስታወሱኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ስሜ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስሜን ላለመያዝ ላደረጉት ያላሰለሰ ጥረት አመሰግናለሁ። «ያቺን ጥሩልኝ» ሲሉ ከሴቶቹ ጠበቆች መካከል «ያቺ» ማን እንደሆነች የምናውቀው እርስ በርስ ተያይተን ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የደከማት ትነሳለች። ጸሐፊዎ፣ እግዜር ይስጣትና፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከሰቀለች «ዛሬ አትግቡ» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የመኪናዎ በር ሲዘጋ ከሚያሰማው ድምፅ የቀኑን አየር የሚተነብይ አንድ ባልደረባም ነበረን፤ ከዚያ ወጥቶ ዛሬ ሌላ ቦታ ሲሠራ በር በተዘጋ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል አሉ። ከእርስዎ ጋር መኖር እንዲህ ያለ ሙያ ያስተምራል፤ የምስክር ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረው።

፪. ስለ ቀይ ብዕርዎ። አንድ ጊዜ ከእርስዎ ከራስዎ የቆየ ክርክር ቃል በቃል የወሰድኩትን አንቀጽ ዳር እስከ ዳር ሰርዘው «ይህን የጻፈ ሰው በእውነት ሕግ ተምሯል?» ብለው ከጎኑ ጠየቁ። የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለብኝ የጸሐፊውን ማንነት አላወጣሁም።

፫. ስለ እህቴ። ይህችኛዋ ከበድ ትላለችና ትንሽ ይታገሡኝ።

ታናሽ እህቴን ወደ ቢሮዎ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ያስገባኋትን ያህል፣ እስከ እርስዎም በር ድረስ ይዣት መጣሁ፤ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካክዬ፣ «ሲጠይቁሽ አትቸኩይ፤ መስኮቱን እያዩ ከተናገሩ አንቺን እየሰሙ አይደለም ማለት ነው፣ ጠብቂ» ብዬ መከርኳት። ከዚያም ደጅ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከግድግዳው ወዲያ የእርስዎ ሳቅ ተሰማኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ሳቅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። እስከዚያ ድረስ ተፈጥሮ የነፈገችዎ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ «ዕንቁዬ» አሏት። በወሩ በመንገዱ ዳር ያሉትን ዛፎች የምታሳየውን ሰፊ ክፍል ሰጧት። እርስዎ፣ ሻይ ሲቀዳልዎ እንኳ ቀና ብለው የማያዩት፣ ለእሷ በገዛ እጅዎ ሲቀዱ በመስታወቱ በኩል አየሁ። ስብሰባ ላይ እኔ የተናገርኩት ነገር ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ይቀራል፤ እሷ ከአፍታ በኋላ ያንኑ ስትደግመው «ሰማችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ። እሷም ደግሞ፣ የባሰውን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው፣ «የእትዬ ሐሳብ ነው» ትላለች። «ትሕትናሽ!» ብለው ይበልጥ ይወዷታል።

ቀናሁ። ይህን ቃል በሕግ ቋንቋ ላለዝበው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። በኮሪደሩ ስታልፍ የጫማዋን ድምፅ ለይቼ አውቅ ጀመር። የምታደርገውን አዲስ ሻርፕ ሳይ፣ «ማን ሰጣት?» ብዬ አስባለሁ፤ እኔው የልደቷ ዕለት የሰጠኋት ሻርፕ ሆኖ ይገኛል።

እሁድ እናታችን ቤት ለምሳ ስንገናኝ እህቴ የቢሮውን ወሬ ታወራለች፤ እርስዎ ምን እንዳሏት፣ ምን እንዳሳቃት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ለአንቺም እንዲህ ደግ ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

እህቴ ሳህኗን ማየት ጀመረች። ዕቃ ሳጥብ እናቴ ከኋላዬ መጥታ በሹክሹክታ «በታናሽሽ ቀንተሻል እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም አይደል። እኔም በእህቴ ቀንቻለሁ። ጸጉሯ እስከ ወገቧ ይወርድ ነበር። ይኸው ሁለታችንም ሸብተን፣ ስታበጥር ሳያት አሁንም ያንገበግበኛል» ብላኝ ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ አደረቀችው። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ይባላል፤ የሁላችንም ሆድ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። መጽናናት ግን አልሆነልኝም። የአክስቴን ጸጉር እርስዎ አልሰጧትማ።

፬. ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች መዝገብ። ከምስጋናዎቼ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ታላቅየው ደንበኛችን ባለ ዱቄት ፋብሪካው ሽማግሌ እንደነበሩ አይዘነጉትም። አባታቸው የተወላቸውን አንዲት ወፍጮ አሳድገው ፋብሪካ አደረጓት። ታናሽ ወንድማቸው በወጣትነቱ ጥሎ ሄዶ ረጅም መንገድ የሚሠራ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፤ ሲደክመው ተመለሰና ከአባቴ ውርስ ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። ያን መዝገብ እኔ ከስሩ ጀምሬ ሠራሁት። ፋብሪካው ድረስ እየሄድኩ፣ ጫማዬ በዱቄት ነጭ ሆኖ እየተመለስኩ፣ ከሽማግሌው ጋር በጆንያ ላይ ተቀምጬ አደመጥኳቸው። ሽማግሌው ቁጡ ናቸው፤ ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔ ስለ ክሱ ስጠይቃቸው እሳቸው ስለ ልጅነታቸው ይነግሩኝ ነበር።

ክሱ የሚሰማበት ዕለት ጠዋት ካባዬን ለብሼ ደረጃው ላይ ስጠብቅዎ፣ ከመኪናዎ ወርደው፣ ዓይንዎ ከጭንቅላቴ በላይ ወዳለ ነገር እያየ፣ «ዛሬ ዕንቁዬ ትከራከር። አንቺ ከኋላ ተቀመጪና ወረቀት አቀብያት» አሉኝ። እህቴ እዚያው ቆማ ነበር። «ጌታዬ፣ መዝገቡ የእትዬ ነው፤ እኔ በደንብ አላውቀውም» አለች። «ታውቂዋለሽ» አሉ፤ ገቡ። እውነቱን ለመናገር እንቢ ባለማለቷ ጠላኋት፣ እንቢ ብትል ደግሞ ባለመፍራቷ እጠላት ነበር። ቅናት እንዲህ ነው፤ ምንም ብታደርግለት አይጠግብም።

እህቴ በእኔ ዓረፍተ ነገሮች ተከራከረች፤ አምረውባታል። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ውሸት ነው፣ በጣም ያደምቃል። ከኋላዋ ተቀምጬ ቀጥሎ የምትለውን ከእሷ ቀድሜ በከንፈሬ እያልኩ አዳመጥኳት። እስከዚያ ድረስ ሁሉ ደህና ነበር። ከዚያ የመሐል ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠየቁ፤ «ታናሽየው ጥሎ ሄዷል፣ ድርሻውንም ትቷል ትላላችሁ። ታዲያ የፋብሪካው ፈቃድ በታደሰ ቁጥር ስሙ ከታላቁ ስም ጋር የሚገባው ለምንድን ነው?»

እህቴ ዝም አለች። ዘወር ብላ አየችኝ። ያ ፊት ገና ትምህርት ቤት ስትገባ በር ላይ ትቻት ስሄድ ያየሁት ፊት ነው። መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ሽማግሌው ጆንያው ላይ ተቀምጠው ነግረውኛል። ጎንበስ ብዬ «ሲመለስ ሥራ እንዳያጣ ብለው ነው ያስገቡት። ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ነው፣ ባለድርሻ ተብሎ አይደለም በያቸው» ብዬ አንሾካሾክሁ።

በመካከላችን ግን እርስዎ ተቀምጠው ነበር። ጆሮዎ ምን ያህል ስል እንደሆነ ያን ዕለት ተረዳሁ፤ ለዓመታት ጮክ ብዬ ስናገር ያልሰማኝ ጆሮ ሹክሹክታዬን አንድ ቃል ሳያስቀር ወሰደው። ብድግ ብለው እህቴን በክርንዎ ገለል አደረጉና፣ «ክብርት ሆይ፣ ነገሩ ምጽዋት ነው! ቤተሰቡን ጥሎ ለጠፋ፣ ለማይረባ ሰው፣ ደንበኛዬ በደግነታቸው የወረወሩለት ፍርፋሪ ነው!» አሉ።

ታናሽየው ከወዲያኛው ወንበር ተነሳ። ሽበታም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ባርኔጣውን አንስቶ ወንድሙን አንድ ጊዜ አየውና ከችሎቱ ወጣ። ሽማግሌው «ምጽዋት አላልኩም! እኔ እንደዚያ አላልኩም!» እያሉ ሊነሱ ሲሉ እርስዎ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። «ዝም ይበሉ፣ እያሸነፍን ነው» ሲሏቸውም ሰማሁ። እውነትዎን ነው። አሸነፍን።

ከፍርዱ በኋላ በቢሮው ያደረጉልንን የድል ንግግር አልረሳም። ኬክ ነበር። ዘለግ ያለ ንግግር አድርገው ሲያበቁ እህቴ ወደቆመችበት ዞረው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ዕንቁ መስላኝ ነበር፤ ለካ ጠጠር ኖራለች። ዳኛ ፊት እንደ ሐውልት ተገትራ ቀረች!» አሉ። ሳቁ። እርስዎ ሲስቁ የሚስቁትም ሳቁ።

እኔ ምን ተሰማኝ? ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ እጆቿን አየሁ። ሳህኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። ቁራሽ ኬኬን ከነሹካው ወደ ሳህኔ መለስኩት።

እህቴ ሳህኑን አስቀመጠች። ወደ እርስዎ ሄዳ «ጌታዬ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ አልመጣም» አለች። ቦርሳዋን ብቻ አንጠልጥላ ቀትር ላይ በዋናው በር ወጣች። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔ የዚያን በር ክብደት ለዓመታት ስለካ ኖሬ፣ እሷ ገፋ አድርጋው ሄደች።

እኔ እንደ ጨዋ ሠራተኛ ቀረሁ። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዎ መጥታ ዛፎቹን ወደምታሳየው ክፍል እንድዛወር መታዘዙን ነገረችኝ። እርስዎም ብቅ አሉ፤ ሻይ ቀዱልኝ፤ «እንግዲህ ዕንቁዬ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ያንኑ ቃል! ስሙን እንኳ አልቀየሩትም፤ እንደ ተከራይ ቤት አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ገባችበት። ስመኘው የኖርኩት ወንበር ላይ ተቀምጬ ዛፎቹን አየሁ። ዛፎች ናቸው። እህቴ በዚያ ሰዓት የት እንዳለች ማሰብ ጀመርኩ፤ ከአንድ ጎሚስታ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ እየተንቀጠቀጠባት ጠረጴዛዋን እያጸዳች ነበር። ይመኑኝ ክቡር ሆይ፣ ክፍሉ የእኔ፣ ሻዩ የእኔ፣ ስሙ የእኔ ሆኖ ሳለ፣ አሁንም ቀናሁባት። እንዲያውም ያሁኑ ቅናት የፊተኛውን ጨዋታ አስመሰለው።

፭. በዚህ መሐል ታናሽየው ይግባኝ አለ። እርስዎም መልሱን እንድጽፍ፣ «ምጽዋት» የምትለዋን ቃል ደግሞ በየገጹ እንዳሰማምርልዎ አዘዙኝ። ደንበኛችን ስልክዎን ማንሳት ካቆሙ ሰንበት ብሎ ነበር፤ «ከድል በኋላ ደንበኛ ይኮራል» ብለው ተረጎሙት። እኔ ግን ፊርማቸውን ልወስድ ፋብሪካ ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው «የሉም፤ ያቺ ታናሽየዋ ጠበቃ ዘንድ ሄደዋል» አለኝ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የእኔ ሽማግሌ! በዱቄት ጆንያ ላይ ያደመጥኳቸው! እርስዎ ክፍል ሲሰጧት፣ ስም ሲሰጧት የቀናሁት ቅናት ያን ጊዜ ተደምሮ መጣብኝ። በቁጣ ነው ወደ እህቴ ቢሮ የሄድኩት፤ ልጣላት፤ ይህን አልደብቅም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲቷ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ከታች የጎሚስታው መዶሻ፣ ከላይ የእነሱ ጩኸት። እህቴ በመሐላቸው እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ አንዲት ቃል አትናገርም። ልገባ ስል በዓይኗ ብቻ «ቆይ» አለችኝ።

ታናሽየው «ለማኝ ብለህ አሰደብከኝ!» አለ።

«እኔ አላልኩም።»

«ጠበቃህ አለ! አፍህ እሱ ነው።»

የሽማግሌው ያ ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ ዝቅ የሚለው ድምፃቸው መጣ። «ስምህን በየዓመቱ ያስገባሁት፣ አንድ ቀን ብትመጣ ቦታህን ሰው ይዞት እንዳታገኘው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች መጥተህ ጠየቅኸኝ? በጠበቃ በኩል መጣህ።»

ታናሽየው ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልነግርዎትም፤ የደንበኛ ምስጢር ነው፣ ደንበኞቹም የእርስዎ አይደሉም። ይህን ያህል ግን ይወቁት፤ ታናሽየው የማጓጓዣውን ሥራ ይዞ ከወንድሙ ጋር ፋብሪካው ውስጥ ገብቷል፣ ስምምነቱ በሁለቱም ፊርማ ተፈርሟል፣ ይግባኙም ቀርቷል። የሰጧችሁ ውክልናም ተሽሯል። ከእኔ በፊት ካልነገሩዎ ይቅርታ፣ ማሳወቂያው ሁለት ገጽ ስለሆነ ነው።

በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎ። ያችን የሽማግሌውን ዓረፍተ ነገር ያገኘኋት እኔ ነበርኩ። ለዳኛ እንዴት እንደምትቀርብ አሰብኩ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደምትገባ አሰብኩ፤ ወንድም ለወንድሙ ሊላት እንደሚችል ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። እህቴ አሰበች። ከሁሉ የመረረኝ ቅናት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በእርስዎ ላላክክ አልችልም። ሰዎቹ ሲወጡ «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ችሎት ላይ ዝም ስል ሁሉም ሰው ተናገረልኝ፣ ጌታዬም፣ አንቺም። እዚህም ዝም ብል ብዬ ሞከርኩ» አለችኝ። ከዚያ «እትዬ፣ እስከ መቼ ነው እዚያ የምትቆዪው?» አለች። በማግስቱ ሥራ መልቀቂያዬን ለጸሐፊዎ ሰጠኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አልሰቀለችም፤ አውልቃ ዓይኗን ጠረገችበት።

ዛሬ ከጎሚስታው በላይ ሁለተኛ ጠረጴዛ አለ፤ የእኔ ነው። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ የእህቴን ስም አስቀድሞ የእኔን አስከትሏል። ሰዓሊው ቦታ ስላነሰው ነው አለችኝ። ሰሌዳው ሰፊ ነው። አይቼዋለሁ። በየጠዋቱ አየዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እህቴን አስበልጠው በመውደድዎ፣ ከዚያም አሳንሰው በመጥላትዎ፣ በኋላም ያንኑ ፍቅር ሳያጥቡ ለእኔ በማቀበልዎ የተሰማኝን ጥልቅ ምስጋና እንደገና እየገለጽሁ፣ ለወገብዎ ብርታትን፣ ለግፊትዎ ዝቅታን፣ ለጆሮዎም እንደ ችሎቱ ቀን ያለ ንቃትን ከልቤ እመኛለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
ከጎሚስታው በላይ ያለው ቢሮ ሁለተኛዋ ጠበቃ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሴት ልጅዎ በቅርቡ በሕግ መመረቋን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ በፈቃዷ የምነግርዎት ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ሳምንት ደረጃችንን ወጥታ ሥራ ጠይቃናለች። «ለምን አባትሽ ዘንድ አልሄድሽም?» ብንላት፣ «አባቴን እንደ አባት መውደድ እፈልጋለሁ» አለች። ቀጥረናታል። እህቴ ከወዲሁ «ይህቺ ልጅ ልዩ ናት» ማለት ጀምራለች፤ እኔም እንደ ልማዴ ልቀና ተሰናድቻለሁ።